የበላይ ልጅ ትርንጎ

ባለፈው ጥር ከማኅበሩ ወጣሁ። ያስወጣኝ ሰው የለም፤ ያስወጣኝ ጆሮዬ ነው። የእኛ ሥራ መስማት ነው። ሽማግሌ ዘር ሲቆጥር «ደስታ» ይበል «ደስየ» መለየት ያቃተው ሰው የሌላውን አያት ይዞ መቀመጥ የለበትም። አንድ እሑድ አንድ አዛውንት የቅድመ አያታቸውን ስም ደጋግመው ቢነግሩኝ አልሰማ አልኋቸው። «ወንድሜ፣ እሳቸው በሕይወት ሳሉ እንኳ ይህን ያህል አልተጠሩም» አሉኝ። ቤቱ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በሳምንቱ መዝገቡን ለተተኪዬ አስረከብሁ።

ማኅበር የምለው በደብረ ታቦር በአንድ እድር አዳራሽ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የምንሰበሰበውን ሰዎች ነው። የሰው የዘር ሐረግ እንጠይቃለን፣ እናጣራለን፣ እንጽፋለን። ልጅ ሊድሩ ያሰቡ ቤተሰቦች እስከ ሰባት ቤት ዝምድና አለመኖሩን ሊያስቆጥሩ ይመጣሉ። ዘመድ የጠፋበት ይመጣል። ከተማ ያደገ ልጁ የአያቱን ስም አለማወቁ ያሳሰበው አባትም ይመጣል። ደመወዝ የለውም፤ ሻዩም ከየኪሳችን ነው።

የእንጀራዬ ሥራ ሌላ ነበር። የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርሁ፤ ገበሬው ግን መርፌ የያዘውን ሁሉ ሐኪም ስለሚል እስከ ዛሬ «የከብት ሐኪሙ» እባላለሁ። ደርግ በወደቀ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እስቴ ተመደብሁ። በክትባት ቀን ከብቱ ከየመንደሩ ተነድቶ ሜዳው ላይ እስኪሰበሰብ ረፋዱ ያልፋል። እስከዚያ ከሽማግሌዎቹ ጋር ጥላ ሥር እቀመጣለሁ። የደጋ ሽማግሌ ሥራ ሲፈታ ወሬው ወይ ስለ ዝናብ ነው ወይ ስለ ዘር። የርስት ክርክር በአዋጅ ከቀረ ቆይቷል፤ ሆኖም አባቱን ቆጥሮ በመሬት የተሟገተ ሰው ቆጠራውን አልረሳም። አንዱ ሲቆጥር ሌላው ያርመዋል፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። እኔ እጽፋለሁ። የመሥሪያ ቤት አለቃዬ አንድ ቀን ወረቀቴን አገላብጦ፣ «የበሬ ሪፖርት አምጣ ብልህ የባለበሬውን ምንዝላት ታመጣልኛለህ» አለኝ። እውነቱን ነው። በሬዎቹም ግን ተከትበዋል።

ወደ ደብረ ታቦር ከተዛወርሁ በኋላ የአንድ የሥራ ባልደረባዬ እናት አረፉና ቀብር ሄድሁ። እማማ አያልነሽን ያየሁት ያን ዕለት ነው። እማማ አያልነሽ አልቃሽ ናቸው። በለቅሶ ላይ ቆመው ሙሾ ያወርዳሉ፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ያን ቀን ግን እኔ እንባውን ትቼ ስሞቹን ተከተልሁ። ሟቿን አነሡ፣ እናቷን አነሡ፣ የእናቷን እናት አነሡ፣ ከዚያ ወደ ለቀስተኛው ዞረው ከእስቴ የመጣውን በየት በኩል እንደሚዛመድ፣ ከደራ የመጣውን በየት በኩል እንደሚዛመድ እያነሡ በየተራ አስለቀሱት። እኔ ከሽማግሌ አፍ ሰምቼው የማላውቅ የሴት ስም ብዛት!

ከቀብር ስንመለስ ተጠጋኋቸው።

«እማማ፣ ይህን ሁሉ ስም ከየት አመጡት?»

«ከማልቀስ ነዋ። ያለቀስሁለትን ሰው እንዴት እረሳዋለሁ?»

«ሽማግሌዎቹ ሲቆጥሩ ግን ይህ ሁሉ ሴት አይነሣም።»

«ወንድ የሚቆጥረው ለመሬት ነው። መሬት ያላመጣችለትን አያት ዘሏት ያልፋል። ለቅሶ ግን መዝለል አያውቅም።» ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እሑድ አዳራሹ ና። ጽሕፈት የሚችል ሰው ጎድሎናል» አሉኝ።

ማኅበሩን ይመራ የነበረው ብርሃኑ የሚባል፣ የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረ ሰው ነው። ሥልጣኑን ከለቀቀም በኋላ ሁላችንም ዳኛ ብርሃኑ እንለው ነበር። ጠባዩ የችሎት ነው፤ ምስክር ካልተቆጠረ አያምንም፣ ከተቆጠረ ደግሞ ወዲያው ፍርድ መስጠት ይወዳል። ከእማማ አያልነሽ ጋር የሚጋጩት በዚህ ነበር። እሳቸው ለፍርድ አይቸኩሉም።

ሥራውን የተማርሁት ከእሳቸው ጋር እየዞርሁ ነው። ሰው ቤት ሲገቡ ወደ መደቡ አይወጡም፤ ሴቶቹ ካሉበት ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። «አባትሽ ማን ነው? አያትሽ ማን ነው?» ብለው ጀምረው አያውቁም። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ዘንድሮ ለማን ለቅሶ ተቀመጣችሁ?» የሚል ነው። ሰው ዘመዱን ሲቆጥር ያሳምራል፤ ለሀብታሙ ይቀርባል፣ ከድሃው ይርቃል። ለቅሶ የተቀመጠበትን ሲናገር ግን አይዋሽም፤ ጎረቤት ያውቃልና። ሁለተኛው ልማዳቸው መሳሳት ነበር። የሰሙትን ቆጠራ መልሰው ሲያሰሙ ሆን ብለው አንድ ስም ያፋልሳሉ። አዋቂ ካለ «ኧረ አይደለም!» ብሎ ይነሣል። ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ካሳለፈው «ይህ ቤት አያውቅም» ብለው ሌላ ቤት እንሄዳለን። እኔ መጀመሪያ ያፍሩብኛል ብዬ ላርማቸው ስል በክርናቸው ጎነጥ አደረጉኝ።

በዚህ መንገድ አንድ ሠርግ አፍርሰናል። ድንኳን ሊተከል ጥቂት ሲቀረው የሙሽራው አያትና የሙሽሪት ቅድመ አያት የአንድ እናት ልጆች ሆነው ተገኙ። ወንዶቹ በአባት በኩል ብቻ ቆጥረው «ንጹሕ ነው» ብለው ነበር። የሙሽራው አባት «ሰንጋው ተቀልቧል እኮ!» ብሎ ጮኸብን። እማማ አያልነሽም «ለፋሲካ ይታረዳላ» አሉት። ልጁ በዓመቱ ሌላ አገባ፤ ጠሩን፣ ሄደንም በላን።

አሁን ወደ ሰርካለም ልምጣ።

ሰርካለም ከአረብ አገር የተመለሰች ልጅ ናት። አዳራሹ የገባችው በግንቦት መጨረሻ ነው። እናቷ በደርግ ጊዜ፣ በድርቁ ዓመት፣ እህል ይታደላል ሲባል ከቤቷ ወጥታ በዚያው ለሰፈራ ተጭና ቆላ ወረደች። እዚያ ወለደች፤ ሰርካለም ነፍስ ሳታውቅ በወባ ሞተች። ልጅቱን ጎረቤቶች አሳደጓት።

«እዚያ አረብ አገር» አለችን፣ «ጓደኞቼ ዓርብ ዓርብ ስልክ ይዘው ጥግ ጥግ ይቀመጣሉ። እኔ የምደውልለት ሰው አልነበረኝም። ስመለስ የእናቴን አገር እፈልጋለሁ አልሁ።»

ከአሳዳጊዎቿ የሰማችው ይህን ያህል ነው። እናቷ ትርንጎ፣ የእናቷ አባት በላይ። አገራቸው ደብረ ታቦር በኩል፣ ደብራቸው ሚካኤል። እናቷ ልጅ ሳለች ፍል ውሃ ታውቅ ነበር። የእናቷን የክርስትና ስምም ታውቃለች፤ ስትቀበር ቄሱ ወለተ ጊዮርጊስ ብለው ሲፈቱ አሳዳጊዋ ይዛላታለች።

ፍል ውሃ ሲባል ዳኛ ብርሃኑ ወዲያው «ወንዛዬ!» አለ። ወንዛዬ ደግሞ ደራ ነው። በደራዋ ከተማ በሐሙሲት ገበያ ላይ ሰው አስጠየቅን። ሦስተኛው ገበያ ላይ መልስ መጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የሚካኤል ደብር ካለበት መንደር፣ በላይ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ልጃቸው ትርንጎ በድርቁ ዓመት ቆላ ወርዳ ቀርታለች።

ሰኔ ገብቶ ነበር። በጭቃው እየተንሸራተትን ደረስን። አያ በላይ ደጃቸው ላይ ሞፈር ይጠርቡ ነበር። እማማ አያልነሽ ነገሩን ቀስ አድርገው አመጡት፤ ሰውዬው ግን ከመጀመሪያው ገብቷቸዋል።

«ትርንጎ አለች?» አሉ፣ መጥረቢያቸውን እንደያዙ።

«አርፋለች። ይህች ልጇ ናት።»

መጥረቢያውን መሬት አስቀመጡ። ወደ ሰርካለም ሄደው ግንባሯን በመዳፋቸው ያዙና «የእናቴ ግንባር ነው» አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ዓይኗም፣ አካሄዷም የትርንጎ ነው አለ። በእኛ ሥራ ከምስክር ሁሉ የሚያስተው መልክ ነው፤ ሰው ማየት የሚፈልገውን ያያል። ይህን አውቅ ነበር። ያን ዕለት ግን እኔም የበላይን ግንባር አየሁባት።

እማማ አያልነሽ አንድ ነገር ጠየቁ። «አያ በላይ፣ የትርንጎ የክርስትና ስሟ ማን ነበር?»

«እሱንስ እናቷ ነበረች የምታውቀው፤ እሷም አርፋለች።»

«የክርስትና እናቷስ?»

«ከጉማራ ወዲያ ማዶ ናት ያለችው። አሁን ወንዙ ሞልቷል።»

ስንመለስ አዳራሹ ውስጥ ክርክር ሆነ። እማማ አያልነሽ ወንዙ እስኪጎድል፣ እስከ መስከረም እንቆይ አሉ። ዳኛ ብርሃኑ ስም፣ የአባት ስም፣ ደብር፣ ፍል ውሃ ብሎ በጣቱ ቆጠረ። «ምን ቀረ? ሽማግሌው እንኳን መስከረምን ፍልሰታን ለማየታቸውም ዋስ የለም። የልጃቸውን ልጅ ሳያቅፉ ቢሞቱ ማን ይጠየቃል?» አለ። ሁላችንም አንገታችንን ነቀነቅን። እማማ አያልነሽም በመጨረሻ ይሁን አሉ። መዝገቡን ዘጋን።

አያ በላይ ለልጃቸው መርዶ ተቀመጡ። አገር አለቀሰ። መኸር ሲገባ ተዝካር አወጡ፤ ቄሱም ሰርካለም በነገረቻቸው ስም ወለተ ጊዮርጊስ ብለው ጸለዩ። ሰርካለም ሐሙሲት መንገድ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት ከፍታ ማታ ማታ ሽማግሌው ቤት ትገባ ጀመር። እኛም ሥራችን ሠመረ ብለን ሌላውን ያዝን።

ዓመት አልፎ በጥቅምት እማማ አያልነሽ ለለቅሶ ተጠሩ፤ እኔም አብሬ ሄድሁ። ከጋፋት ወዲያ ያለ፣ ከአዳራሻችን በእግር የሚደረስ መንደር ነው። ሟቿ እማማ ዘርፌ የሚባሉ ባልቴት ናቸው። የመንደሩ አልቃሽ ቀድማ ቆማ ነበር፤ የመጀመሪያውን ሙሾ አወረደች፦

ትርንጎ ቆላ ሄዳ ሳትመለስ ቀረች፣
እናት ደጁን ስታይ ዕድሜዋን ኖረች።

እማማ አያልነሽ እጃቸውን ለደረታቸው እንዳነሡ ቀሩ። ዞረው አዩኝ። እኔም ሰምቻለሁ፤ ያኔ ጆሮዬ ደህና ነበር።

አጠገቤ የቆመውን ሰው «የእማማ ዘርፌ ባል ማን ይባሉ ነበር?» አልሁት።

«በላይ። ካረፉ ቆይተዋል።»

«ደብራችሁስ?»

«ሚካኤል ነዋ! አሁን ወዴት ልንቀብራቸው ነው?» ብሎ ገላመጠኝ።

ከቀብር በኋላ እማማ አያልነሽ የትርንጎን የክርስትና እናት ጠየቁ። መንኩሰው እዚያው ደብር ውስጥ ይኖራሉ። ጎጇቸው ውስጥ አገኘናቸው።

«ወለተ ጊዮርጊስ» አሉ፣ ጥያቄው ገና ሳያልቅ። «በእጄ ነው የታቀፍኋት። በሰማንያ ቀኗ።»

«ፍል ውሃ ታውቅ ነበር?»

«ገላዋን እከክ በልቷት፣ እኔና ዘርፌ አዝለን ወንዛዬ ወስደናታል። ሰንብተን ነው የመጣን። ልጅ አይደለች? ከዚያ በኋላ ወሬዋ ሁሉ ፍል ውሃ ነበር።»

መንገድ ላይ እማማ አያልነሽ አንድ ቦታ ቆሙና «ወንዛዬ አጠገብ የተወለደ ሰው ፍል ውሃ አየሁ ብሎ ያወራል?» አሉኝ። የሚያወራው ከሩቅ የሄደበት ነው። ያን ያህል ዓመት ሰው ስጠይቅ ኖሬ ይህን አላሰብሁም። አያ በላይ የልጅ ልጅ ሳያቅፉ እንዳይሞቱ ስንቸኩል እማማ ዘርፌ ከጎናችን ደጃቸውን እያዩ ሞቱ።

እሑድ ዕለት ዳኛ ብርሃኑ ነገሩን ሲሰማ ሊቀመንበርነቱን ልልቀቅ አለ፤ እማማ አያልነሽ «መልቀቅህ ለማን ይበጃል? ይልቅ ጻፍ» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክርስትና እናት ሳትጠየቅ፣ እሷ ከሌለች የተካቻት ሳትጠየቅ፣ የጠፋ ሰው መዝገብ አይዘጋም። ደንቡ አሁንም አለ።

ቀጥሎ ጉማራን ተሻግረን የደራዋን ትርንጎ የክርስትና እናት አገኘን። ያቺኛዋ ወለተ ማርያም ነበረች። ጥርጣሬ አልቀረም።

መጀመሪያ ለሰርካለም ነገርናት፣ ምግብ ቤቷ ውስጥ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት። ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። መክተፏን ሳታቆም ሰማችን። አያቷ እማማ ዘርፌ ባለፈው ሳምንት ተቀበሩ ስንላት ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እዚያች ደብረ ታቦር አጠገብ ነበሩ?»

«አዎ።»

«ስመላለስ በዚያው ነበር እኮ የማልፈው» አለችና ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። በመጨረሻ «አባባን ማን ሊነግራቸው ነው?» አለች። አያ በላይን ማለቷ ነው።

እማማ አያልነሽ ነገሯቸው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጡም። ወደ ሰርካለም አይተው «ታዲያ ትሄጃለሽ?» አሏት።

«ወዴት እሄዳለሁ አባባ? ቤቴ ነው።»

«እንግዲያው ደህና» አሉ። ከዚያ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። «እኔ አልቅሼ፣ ተዝካር አውጥቼ፣ ልቤን አሳርፌ ነበር። የእኔይቱስ? እሷን ምን ልበላት?»

ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የከበደኝ ያ ጥያቄ ነው። የሌላውን ሰው ልጅ ሞት አምጥተን ለእሳቸው አሸክመናቸው፣ አሁን ደግሞ ልናነሣባቸው መጣን።

እማማ አያልነሽ ወደ እሳቸው ተጠጉ። «አያ በላይ፣ ተዝካሩ የወጣው በማን ስም ነው?»

«ወለተ ጊዮርጊስ ብለው ነዋ።»

«እንግዲህ ለዚች ልጅ እናት ደርሷል። ዘመድ አጥታ ቆላ የተቀበረችዋን ተዝካሯን ያወጡላት አንቱ ነዎት። ለአንቱ ልጅ ግን አልቅሰን አናውቅም።»

«የእኔ ልጅ በሕይወት አለች ነው የምትይኝ?»

«አላውቅም። ሞቷን አየሁ ያለ ሰው ግን አልመጣም።»

አያ በላይ ተነሥተው ወደ ከብቶቹ ሄዱ።

ሰርካለም ወደ እናቷ አገር ስትሄድ መርዶ ይዛ ነበር የምትሄደው፤ የእናቷ ወንድም፣ የእማማ ዘርፌ ልጅ፣ የእህቱን መሞት የሚሰማው ከእሷ ነው። በማለዳ ተነገረ፣ መንደሩ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰበሰበ። ሰርካለም ከአጎቷ ጎን ተቀምጣ፣ ሕፃን ሆና ያላለቀሰችላትን እናቷን አለቀሰች። ረፋድ ላይ አያ በላይ ከሐሙሲት በሚኒባስ መጥተው፣ ከመንገዱ በእግር ገቡ። አጎትየው ጎንበስ ብሎ «እኚህ አባት በየት በኩል ይዛመዱናል?» ብሎ ጠየቀኝ። እማማ አያልነሽ በሙሾ መለሱለት፤ የትርንጎን ተዝካር አውጪ፣ የልጇን አስጠጊ ብለው አነሷቸው። አጎትየው ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀላቸው።

የደራዋን ትርንጎ መፈለግ አልተውንም። ቆላ የወረዱ ሰዎች በመጡ ቁጥር እንጠይቅ ነበር። አንዱ አውቃታለሁ አለ፣ ሌላ ሆና ተገኘች። አያ በላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብረ ታቦር ገበያ ሲመጡ አዳራሹ በር ላይ ቆመው «ወሬ አለ?» ይላሉ። «የለም አያ በላይ።» «ይሁን» ብለው ይሄዳሉ። እንዲህ ብዙ ጊዜ ሆነ። እስከ ዛሬም አላገኘናትም።

አያ በላይ ያረፉት በሁዳዴ ውስጥ ነው። ቀብራቸው ላይ ሰርካለም በልጅ ልጅ ቦታ ቆመች፤ ከእናቷ አገርም አጎቷ ሰው ይዞ መጣ። እማማ አያልነሽ ያን ጊዜ ደክመዋል፤ ደግፈናቸው ነው የቆሙት። ድምፃቸው ግን ወጣ፦

ትርንጎ ከቆላ ስትመጪ መሽቶብሽ፣
ሰርካለም ደጅ አለች በሩን ከፍታልሽ።

አጠገቤ የቆመ አንድ የሐሙሲት ሰው በመገረም ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«የእሳቸው ልጅ ትርንጎ ሞታለች አልተባለም እንዴ?»

«የሞተችው የሰርካለም እናት ናት፤ የእሳቸዋን ሞት ያየ የለም» አልሁት።